ታንትራን ልንሞክር አስበናል፤ ጀማሪ ሰው ምን ይጠብቀዋል?

የንጋትሰው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ቆይተናል፣ ልጆችም አፍርተናል። ሰሞኑን እሱ ስለ ታንትራ ከሥራ ባልደረባው ሰምቶ መጣና የሁለት ቀን ስልጠና አብረን እንድንገባ ጠየቀኝ። ላጣራ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባነበብኩ ቁጥር ግን ይበልጥ ተምታታብኝ። አንዱ ጥንታዊ የተመስጦ መንገድ ነው ይላል። ሌላው የአልጋ ጥበብ ነው ይላል። ሦስተኛው ጥንቆላ ነው፣ ደጁም አትድረሱ ይላል። ሁሉም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት።

እኔ ማወቅ የምፈልገው ምንም የማያውቅ ሰው ሲገባበት ምን እንደሚያጋጥመው ነው። በመጀመሪያው ቀን ምን ይደረጋል? ልብስ ይወለቃል ወይ? ከማላውቀው ሰው ጋር ተጣመሪ እባላለሁ ወይ? ሃይማኖቴን የማከብር ሰው ነኝ፤ ከእምነቴ ጋር የሚጋጭ ነገር አለው? ለውጥ የሚባለውስ በስንት ጊዜ ይታያል? የሞከራችሁም ያነበባችሁም ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።


መዝገብ አገላባጭ

እህቴ፣ ዛሬ ታንትራ በሚል አንድ ስም ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ፤ መምታታቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ረዘም ቢልብሽም ልጻፈው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰጃቸው።

የመጀመሪያው በህንድ ክፍለ አህጉር የተወለደ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው። ታንትራ የሚባሉት መጻሕፍት ከ5ኛውና ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጻፉ ሲሆን ብዙዎቹ ሺቫ በተባለው የሂንዱ አምላክና በሴቷ አምላክ በዴቪ መካከል እንደሚደረግ ጥያቄና መልስ የተቀረጹ ናቸው። ገልጠሽ ብታያቸው አብዛኛው ገጽ ስለ አምልኮ ነው፦ ማንትራ የሚባለው ቅዱስ ቃል እንዴት እንደሚደገም፣ ያንትራ የሚባለው የአምልኮ ሥዕል እንዴት እንደሚሣል፣ እጅ በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ አርፎ የቱ ቃል እንደሚባል። ሩካቤ የሚነሳባቸው ክፍሎች አሉ፤ ከጠቅላላው ግን ትንሽ ናቸው። እነሱም ዲክሻ የተባለውን የመግቢያ ሥርዓት ከመምህር እጅ ተቀብሎ ለቆየ ሰው እንጂ ለማንም አንባቢ አልተጻፉም።

ሁሉም ሰው የሚጠቅሳቸው አምስት ነገሮች አሉ፦ አስካሪ መጠጥ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የተቆላ እህልና ሩካቤ። በዘመኑ በነበረው የንጽህና ሕግ መሠረት አብዛኞቹ ለካህናቱ ወገን የሚያረክሱ ነበሩ። በሥርዓቱ ውስጥ ሆን ተብሎ መቀበላቸው ንጹሕና ርኩስ የሚባለውን ክፍፍል ከልብ ለማፍረስ ነው። ግራ እጅ የሚባለው መንገድ እንዳሉ ይጠቀምባቸዋል፤ ቀኝ እጅ የሚባለው ደግሞ በምሳሌ ይተካቸዋል ወይም በሐሳብ ብቻ ያቀርባቸዋል። ለደስታ ብሎ የሚያደርጋቸውን ሰው ራሳቸው መጻሕፍቱ ይወቅሱታል።

ይህ መንገድ ታላላቅ አሳቢዎችን አፍርቷል። በ1000 ዓ.ም. አካባቢ በካሽሚር የኖረው አቢናቫጉፕታ ታንትራሎካ በተባለው ግዙፍ ሥራው የብዙ የታንትራ ወገኖችን ሐሳብ በአንድ ፍልስፍና አስተሳስሯል። ታንትራ ወደ ቡድሂዝምም ገብቶ ቫጅራያና የተባለውን ቅርንጫፍ ወልዷል፤ የቲቤት ቡድሂዝም ዛሬም የሚኖረው በእሱ ነው። ኩካይ የተባለ ጃፓናዊ መነኩሴም በ804 ወደ ቻይና ተሻግሮ ተማረና በ806 ሲመለስ ሺንጎን የሚባለውን ወገን መሠረተ።

ሁለተኛው የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልጅ ነው። ፒየር በርናርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1905 የታንትራ ማኅበር አቋቋመ፤ ጋዜጦቹም ወሬውን አራገቡለት። በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ጆን ውድሮፍ አርተር አቫሎን በሚል የብዕር ስም ጽሑፎቹን ወደ እንግሊዝኛ አቀረበ፤ እሱ እንኳ በአክብሮት ነው የሠራው። ከዚያ በ1970ዎቹ ራጅኒሽ የተባለ ህንዳዊ መምህር፣ በኋላ ኦሾ የተባለው፣ የታንትራን ጥቅሶች ከምዕራባውያን የሥነ ልቦና ልምምዶች ጋር ደባልቆ አስተማረ። ዛሬ ጥንዶች የሚጋበዙባቸው የሁለትና የሦስት ቀን ስልጠናዎች በአብዛኛው ከዚህ ሁለተኛ መስመር የመጡ ናቸው። ባለቤትሽ የሰማው ይህን ይመስለኛል።


ቀጥተኛው

እኔ በግልጽ ልናገር። ይሄ የሁለት ቀን ስልጠና የሌላን ሕዝብ ሃይማኖት ቆራርጦ መሸጥ ነው። መሐላ የሌለበት፣ ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ጥቂት የሳንስክሪት ቃላት ሸምድዶ ሰው ይሰበስባል። በቲቤቱ ወገን አንድ ጀማሪ ወደ ዋናው ልምምድ ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ ተዘርግቶ መስገድን 100,000 ጊዜ፣ የመንጻት ማንትራውን 100,000 ጊዜ፣ ማንዳላ የሚባለውን፣ ዓለምን በምሳሌ የማቅረብ መባ 100,000 ጊዜ እንዲፈጽም ይጠየቃል። ይህ ለብዙ ሰው የዓመታት ሥራ ነው። እዚያ ዓመታት የሚፈጀውን እዚህ ቅዳሜና እሁድ እንጨርሳለን ሲሉ ማን ያምናቸዋል? ገንዘባችሁን ያዙ።


ሁለት ጥላ

ቀጥተኛው፣ ስለ ስሙ ያልከው እውነት አለው፤ እኔም ብዙዎቹ ስሙን ትተው «የጥንዶች ልምምድ» ቢሉት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስሙ የተዋሰ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እኔና ባለቤቴ አልፈንበታል፤ ጠያቂዋ ያነሳቻቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

የንጋትሰው እህቴ፣ ደህና በሆነ የጀማሪ ስልጠና ልብስ አይወለቅም። ልብስ አውልቂ ብሎ የሚያግባባሽ አስተማሪ ካለ ገና ከበሩ ተመለሺ። ሰው ይሰበሰባል፣ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ደንቦች ይነበባሉ፦ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፣ ማንም ሳይጠይቅ ማንንም አይነካም፣ ማንኛውንም ልምምድ መተው ይቻላል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ከዚያ የመጀመሪያው ሰዓት ብዙውን ጊዜ አካልን ማፍታታትና ትንፋሽ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ «እምቢ» የማለት ልምምዱ ነው። አንዱ አንድ ቀላል ነገር ይጠይቃል፦ እጅሽን ልያዝ? ሌላው አይሆንም ይላል፤ ጠያቂው ደግሞ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ይላል። ሲነበብ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። በሕይወቴ ውስጥ ግን ለባለቤቴ «ዛሬ አይሆንም» ብዬ እሱ ሳይከፋው፣ እኔም ሳልሳቀቅ የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ አልኩት፤ እሱም አመሰገነኝ። ብዙ ሴቶች በዚህ ቦታ ያለቅሳሉ፤ ወንዶችም እንዲሁ።

ዓይን ለዓይን መተያየት አለ። ቃል ሳይነገር ለደቂቃዎች ትተያያላችሁ። መጀመሪያ ሳቅ ይመጣል፣ ቀጥሎ መቁነጥነጥ፣ ከዚያ ሰውዬውን ለብዙ ጊዜ በቅጡ አይተሽው እንደማታውቂ ይሰማሽ ይሆናል። ምንም ላይሰማሽም ይችላል፤ ያም ያጋጥማል። ቀጥሎ እጅን ወይም ፊትን በጣም በዝግታ መንካት ይኖራል፤ ያውም ከራስሽ ባል ጋር። አንዳንድ ቦታ አጋር ይቀያየራል። ይህን ቀድመሽ ጠይቂ፤ እኛ ከመጀመሪያው «እርስ በርሳችን ብቻ» ብለን ነበር፣ ተከበረልን።

የሚጠበቀው ነገር ሌላ ከሆነ ግን ቅር ትሰኛላችሁ። ርችት የለም። ረጅም ሰዓት የሚወስድ ደስታ፣ ከሰውነት ውጭ መውጣት፣ ብርሃን ማየት እያሉ የሚያወሩት ለጀማሪ አይደርስም፤ ደርሶበታል የተባለውም ሰው ሁልጊዜ አይደርስበትም። አብዛኛው ጊዜ መሰላቸት ነው። እግር ይደነዝዛል፣ ሐሳብ ወደ ቤት ሥራ ይሄዳል፣ ትመልሽዋለሽ። ለእኛ የተለወጠው ነገር ችኮላው ነው፦ መንካት የግድ ወደ ሌላ ነገር መድረሻ መሆኑ ቀረ፤ መነካትም ዕዳ መሆኑ ቀረ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።


መዝገብ አገላባጭ

ሁለት ጥላ ያለችው ከህንድም ውጭ የሚታወቅ መሠረት አለው። ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1970 ባሳተሙት ሥራ ለጥንዶች የሰጡት ልምምድ ተመሳሳይ ነው። ሩካቤ ለጊዜው ይከለከላል፤ ጥንዶቹ በየተራ እየተነካኩ ስሜቱን ብቻ ይከታተላሉ። መድረስ ያለበት ቦታ ስለሌለ «አልችል ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ይቀንሳል፤ ፍርሃቱ ሲቀንስ አካሉ በራሱ ጊዜ ይመልሳል። የወሲብ ችግር ሐኪሞችና አማካሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ቀጥተኛው ሆይ፣ ይህን ታንትራ አትበለው፤ ግን ይሠራል።


ቀጥተኛው

ጋሼ፣ ካሉ ይሁን። እንግዲያው ያንኑ ከአማካሪ ዘንድ ያግኙት፤ በሃይማኖት ልብስ ለምን ይሸፈናል? የእኔ ቅሬታ ይሄ ብቻ ነው፤ አልለቀቅኩም።


የሌሊት ተረኛ

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ሳይነሳ የቀረ ነገር ስላለ ልግባ። በእነዚህ ስልጠናዎች ውስጥ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ለረጅም ደቂቃዎች የሚያስደርጉ አሉ። ሰው እንዲህ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከመጠን በላይ ይወጣል። ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል። የደሙ አሲድነት ስለሚለወጥ በነፃ የሚገኘው ካልሲየም ይቀንስና ከንፈርና ጣት ይነዝራል፤ አንዳንዴ ጣቶች ተኮማትረው አልዘረጋ ይላሉ። ይህን ያየ አስተማሪ «ኃይልሽ ተነሳ፣ ኩንዳሊኒሽ ተንቀሳቀሰ» ሊልሽ ይችላል፤ ኩንዳሊኒ የሚሉት በአከርካሪ ሥር ተኝቷል የሚባለውን ኃይል ነው። ትንፋሽሽን ቀስ አድርገሽ ጥቂት ደቂቃ ብትጠብቂ ይተውሻል። አትደንግጪ፤ ብርቅ ነገርም አድርገሽ አትያዢው።

ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የልብ ሕመምና ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት፣ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም የሚነሳበት፣ ከዚህ በፊት ከእውነታ የመለየት የአእምሮ ሕመም ያጋጠመው ሰው ይህን ፈጣን ትንፋሽ አይሞክር። ዝግ ያለው ትንፋሽ፣ በተለይ አወጣጡ ከአሳሳቡ ረዘም የሚለው፣ ለአብዛኛው ሰው ያረጋጋል እንጂ አይጎዳም።

ሌላው፣ በልጅነቱ ወይም በትዳሩ ጥቃት የደረሰበት ሰው በዝምታና በንክኪ መሃል የቆየ ትዝታ ድንገት ሊነሳበት ይችላል። ለዚህ የሠለጠነ ሰው በቦታው ከሌለ «ግፊ፣ እለፊው» ማለት ማቁሰል ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው መጀመሪያ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ቢነጋገር እመክራለሁ።


በእምነት

የእምነቱን ነገር ማንም በቅጡ አልነካውም። እኔ እንደ ጠያቂዋ አማኝ ነኝ፤ ሰው «ዝም ብሎ ትንፋሽ ነው» እያለ ሲያልፈው ያሳስበኛል። ማንትራ ምንድን ነው? ስም መጥራት አይደለም ወይ? ጥንቆላ ያለውስ ሰው ከየት አመጣው?


መዝገብ አገላባጭ

በእምነት፣ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ሳላለሳልስ ልመልስ። በጥንቱ ታንትራ ማንትራ በአብዛኛው የአንድ አምላክ ድምፃዊ አካል እንደሆነ ይታመናል። ዲክሻ መቀበል ማለት ከመምህሩና ከአምላኩ ጋር መታሰር ማለት ነው፤ በቫጅራያናም ሳማያ የሚባል ቃል ኪዳን አለ። ስለዚህ ጥንቱን መንገድ የሚገባ ሰው ወደ ሃይማኖት እየገባ መሆኑን ይወቅ። የራሴን ካልኩ፣ የህንድን ወይም የቲቤትን እምነት ከፈለጉ በሙሉ ልብ ይግቡበት፤ የራስን እምነት ሳይለቁ የሌላውን መሐላ መማል ለሁለቱም አክብሮት ማጣት ነው።

ስለ ጥንቆላው፣ ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በታንትራ መጻሕፍት ውስጥ ስድስቱ ሥራዎች የሚባሉ አሉ፦ ማረጋጋት፣ ሰውን በቁጥጥር ሥር ማድረግ፣ ማፍዘዝ፣ ማጣላት፣ ማባረርና መግደል። በህንድም ዛሬ በመንደር ደረጃ «ታንትሪክ» ሲባል ለብዙ ሰው ወደ ሐሳቡ የሚመጣው መድኃኒት አድራጊና መተተኛ ነው። ሌላው ወገን ግን ታንትራን የሚያውቀው በየዕለቱ በሚፈጸም የቤተ መቅደስ አምልኮ ነው፤ በደቡብ ህንድ ብዙ የሺቫ ቤተ መቅደሶች ሥርዓታቸው ከታንትራ መጻሕፍት የመጣ ሆኖ ማንም ጥንቆላ አይላቸውም። አንድ ሺህ ተኩል ዓመት የቆየ ነገር ሁሉንም ዓይነት ሰው አስተናግዷል።

በዘመኑ ስልጠናዎች ግን አምልኮው አንዳንዴ ጨርሶ የለም፣ አንዳንዴ ደግሞ በጎን ይገባል፦ ሐውልት ያለበት መሠዊያ፣ ወደ እሱ መስገድ፣ የአማልክት ስም የያዘ ዜማ። የንጋትሰው ቀድማ ትጠይቅ፦ «የሚደገም ማንትራ አለ? የማን ስም ነው? ሳላደርገው መቀመጥ እችላለሁ?» መልሱን ይዛ ከምታምነው የሃይማኖት አባት ጋር ትማከር። መተንፈስና የባልን ዓይን ማየት በራሱ የማንም አምልኮ አይደለም።


ዝግታ

እኔ ብቻዬን የምለማመድ ነኝ፣ ስለ ጥንዶች አላውቅም። ስልጠና ሳይገቡ መቅመስ ለሚፈልጉ ግን አንድ በር ላሳይ። ቪጅናና ባይራቫ ታንትራ የሚባል አጭር ጽሑፍ አለ፤ ዴቪ ትጠይቃለች፣ ባይራቫ፣ ማለትም ሺቫ በሌላ መልኩ፣ 112 የተመስጦ መንገዶችን ይነግራታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሩካቤን የሚነኩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ትንፋሽ ነው፦ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊመለስ ሲል፣ ወጥቶም ሊገባ ሲል ያለችውን መታጠፊያ ማስተዋል። በቃ። ሌሎቹን ስታነቡ ትገረማላችሁ፦ ለረጅም ጊዜ ያላያችሁትን ወዳጅ ስታዩ የሚፈነዳው ደስታ፣ የምግብና የመጠጥ ጣዕም፣ የማስነጠስ መጀመሪያና መጨረሻ፣ ድንገተኛ ፍርሃት፣ ረኀብ ሲጀምር። በእነዚህ ቅጽበቶች ሐሳብ ስለሚቆም እዚያ ቆዩ ይላል።

ታንትራን እንድወድ ያደረገኝ ይህ ነው። ሕይወትን ሸሽታችሁ ዋሻ ግቡ አይልም፤ ያላችሁበትን ቅጽበት ልብ በሉ ይላል። የተለመደው የመንፈሳዊ ሰው ንግግር አካልን እንደ እንቅፋት ሲያየው ይህኛው እንደ መግቢያ ያየዋል።

የሚያጋጥማችሁን ልንገራችሁ። ስትጀምሩ ትንፋሹን መከተል ለጥቂት ዙር ያህል ይቻላል፣ ከዚያ ሐሳብ ይወስዳችኋል። ይህ ለሳምንታት ይቀጥላል። እንቅልፍ ይመጣል። «አይሠራም» ትላላችሁ። እኔ ለውጡን ያየሁት ከተቀመጥኩበት ውጭ ነው፦ አንድ ሰው ሲያናድደኝ ንዴቱ ደረቴ ላይ ሲነሳ ቀድሜ ማየት ጀመርኩ፤ ምግብም ስበላ መብላቴን ማወቅ ጀመርኩ። ትንሽ ነው። እኔ ግን በምንም አልለውጠውም።

በነገራችን ላይ፣ የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸውን ሰባት ቻክራዎች፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ አሉ የሚባሉትን የኃይል ማዕከሎች፣ የግድ ማጥናት አለብኝ ብላችሁ አትጨነቁ። ስድስት ማዕከሎችንና ከራስ በላይ ያለውን አንድ የሚዘረዝረው ዝነኛ ጽሑፍ የ1577 ነው፤ እሱን ውድሮፍ በ1919 ስለተረጎመው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያንን ሆነ። ሌሎች ታንትራዎች አራት፣ አምስት፣ አሥራ ሁለትም ይቆጥራሉ። ከቀይ እስከ ሐምራዊ የተደረደረው ቀለም ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምዕራብ የተጨመረ ነው።


የንጋትሰው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ መዝገብ፣ እንዲህ ተብራርቶ ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹን ደወልኩላቸው። ልብስ አይወለቅም፣ ከባለቤቴ ሌላ ከማንም ጋር አልጣመርም፤ ማንትራ አለ ግን ዝም ማለት ይቻላል ብለውኛል። ይህ ደስ አሰኘኝ። ሁለት ነገሮች ግን ቀሩኝ። አንደኛ፣ በማስታወቂያው ላይ በሁለተኛው ቀን «የኩንዳሊኒ መነቃቃት» ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዋናው መምህር ጋር ለብቻ የሚደረግ ልዩ ክፍለ ጊዜ አለ ይላል። ሁለተኛው የቤት ጉዳይ ነው። ትንሹ ልጃችን ከተወለደ ወዲህ የእኔ ፍላጎት ጠፍቷል፣ አንዳንዴም ያመኛል። ባለቤቴ ታንትራው ይህን እንዲፈታልን ነው የሚጠብቀው። አፍ አውጥቶ አላለውም፤ ግን አውቀዋለሁ።


የሌሊት ተረኛ

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚብሰው እሱ ነው። ሕመም ካለ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ የማኅፀን ሐኪም ነው። ከወሊድ በኋላ ጠባሳ ሊኖር ይችላል። ጡት በምታጠባ ሴት ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ ድርቀት የተለመደ ነው፤ ይህ ደግሞ በቀላሉ ይታከማል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ፣ ለድባቴ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ፍላጎትን ይቀንሳሉ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ይበቃል። የሚያምሽን ነገር እየታገስሽ ንክኪ ብትለማመጂ ሰውነትሽ ንክኪን ከሕመም ጋር ያያይዘዋል፤ ኋላ ለማላቀቅ ከባድ ነው። ታከሚ፣ ከዚያ የቀረውን ታስቢበታለሽ።


ሁለት ጥላ

እኔ ደግሞ ስለ ባለቤትሽ። ያሰበውን ከስልጠናው በፊት በአፉ ይበለው። አንዱ «ፍላጎቷን ይመልስልኛል» ብሎ፣ ሌላዋ «እንዳይከፋው» ብላ ከገቡ ልምምዱ ሁሉ ፈተና ይሆንባችኋል፤ ዓይኑን ባየሽ ቁጥር እየተለካሽ እንደሆነ ይሰማሻል። በእኛ ስልጠና እንዲህ ሆነው የመጡ ጥንዶች ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን አልተመለሱም። ታንትራ የተዘጋ ንግግር አይከፍትም፤ የተከፈተውን ሊያሰፋ ይችላል። ስለዚህ ቁጭ በሉና ተነጋገሩ። ምናልባትም ስልጠናው ለጊዜው አያስፈልጋችሁ ይሆናል።


ዝግታ

ስለ ኩንዳሊኒው፦ በሁለት ቀን ይነቃል ያለሽ ሰው የማይችለውን ነው ቃል የገባልሽ። ጽሑፎቹ ይህን ከረጅም ዝግጅት በኋላ የሚመጣ፣ ሲመጣም ከባድ ሊሆን የሚችል ነገር አድርገው ያዩታል። በቀን ተቆርጦ የሚሰጥ ከሆነ የምታገኚው የሌሊት ተረኛ የነገረችሽን የጣት መንዘር ነው።


ቀጥተኛው

ለብቻ የሚደረገውን ክፍለ ጊዜ ግን በዝምታ አትለፉት! በ2023 ኅዳር ላይ የፈረንሳይ ፖሊስ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ የነበረውን የአንድ የታንትራ ዮጋ ድርጅት መሪ በአስገድዶ መድፈርና በሰው ማዘዋወር ወንጀል ጠርጥሮ አስሯል። «ጥንታዊው ወገን ይሻላል» ብዬ እንዳልታበይም፣ በ2017 ስምንት የቆዩ ተማሪዎች በአንድ ዝነኛ የቲቤት ቡድሂዝም መምህር ላይ በጋራ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የገለልተኛ ምርመራ ዘገባም አንዳንድ ተማሪዎች ከባድ አካላዊ፣ ፆታዊና ስሜታዊ በደል እንደደረሰባቸው አረጋግጧል። በሁለቱም ወገን መንገዱ ያው ነው፦ መምህሩ አይጠየቅም፣ የማይታዘዝ ተማሪ ገና አልበሰለም ይባላል፣ ከዚያ ተማሪዋ ለብቻዋ ትጠራለች።


ሁለት ጥላ

ከቀጥተኛው ጋር እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «ፈውስ» እያለ የተማሪን የሰውነት ድብቅ ክፍል የሚነካ አስተማሪ ምንም ስም ቢሰጠው ጥፋተኛ ነው። ሌሎች የማያቸው ምልክቶች አሉ፦ ጥያቄ ሲጠየቅ «ይህ የአእምሮሽ ተቃውሞ ነው» የሚል፣ ለባልሽ አትንገሪ የሚል፣ ዛሬ ካልተመዘገባችሁ ያመልጣችኋል የሚል፣ ከየት እንደተማረ ሲጠየቅ የሚያዳልጥ። ደኅና አስተማሪ ስትጠይቂው ደስ ይለዋል።


የንጋትሰው

ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። አለቀሰም፣ አለቀስኩም። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ስልጠናውን ሰርዘነዋል፤ ለብቻ የሚደረገው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሲደርስ ይገለጥልሻል» ነው ያሉኝ። ሌላ ቦታ፣ አጋር የማይቀያየርበትና ሴት አስተማሪም ያለችበት አግኝተናል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እናየዋለን። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መሃል ላይ አልፈልግም ብል፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በተቀመጠበት እንዴት ነው የሚወጣው? የሚያስፈራኝ እሱ ነው።


ሁለት ጥላ

ከመግባታችሁ በፊት ከባለቤትሽ ጋር አንድ ምልክት ተስማሙ፤ እኛ እጅ ሁለት ጊዜ መጭመቅ ነበር ምልክታችን። ምልክቱን የሰጠው ሰው ምክንያት አይጠየቅም፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ትወጣላችሁ። እሱ ይቆያል አንቺ ትወጫለሽ የሚል ነገር እንዳይኖር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በር አጠገብ ተቀመጡ። ስትመዘገቡም በመጀመሪያው ቀን ለሚያቋርጥ ሰው ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኛ የገባንበት ቦታ ግማሹን ይመልስ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ወጥቻለሁ። አስተማሪዋ ተከትላኝ መጥታ ውኃ ሰጠችኝና መመለስ እንደማይጠበቅብኝ ነገረችኝ፤ ከሰዓት በኋላ በራሴ ፈቃድ ተመለስኩ።